በማተቤ ያሰርኩት ቁልፍ

ታናሽ ወንድሜን ናፍጣ ሰርቀሃል ብዬ የደበደብኩት በገዛ ጋራዣችን በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ነው። ሸዋ በር አካባቢ የሚያውቀኝ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ግን እንደየፍላጎቱ ጨምሮና ቀንሶ ነው የሚያወራው። አንዱ በመፍቻ ፈነከተው ይላል። ውሸት ነው፣ መፍቻ አልያዝኩም ነበር። የጀመርኩት በእጄ ነው። እስቲ እኔው ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉ።

ጋራዡን የከፈቱት አባታችን ናቸው። ጦሩ ውስጥ የከባድ መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ ሐረር ተመድበው መጡ፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ቀሩ። ሙያውን ያስተማሩን በአፍ አይደለም። ግድግዳው ላይ አንድ ያለቀ የሞተር ቺንጊያ፣ እንደ ቀበቶ ያለ ጎማ፣ በምስማር ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ብሎን ሳታጠብቅ ከረሳህ ቺንጊያ። ፊልትሮ ቀይረህ አየሩን ሳታስወጣ ሞተር ካስነሳህ ቺንጊያ። ለምን እንደተመታህ ከጠየቅክም ቺንጊያ። "ያልተመታ ብረት አይቃናም" ይሉ ነበር፣ እየመቱ። ወንድሜ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። እናታችን ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠረም ነበርና አሳዳጊው እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ። ያሳደግኩትም ባደግኩበት መንገድ ነው፤ አባታችን ክንዳቸው ሲዝል ቺንጊያውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን ቅንጣት አላሳፈረኝም።

ወንድሜ በአንድ ነገር ሁለታችንንም በለጠን፤ በጆሮ። የናፍጣ ሞተር ኖዝሉ በደንብ ካልረጨ ድምፁ ይለወጣል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ትወስድና ጫፉን ኖዝሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ ትደግፋለህ። እኔ የምሰማው ኳኳታ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ከመዶሻና ከኮምፕሬሰር ጋር የኖረ ጆሮ ከዚህ በላይ ምን ይሰማል? እሱ ግን እጀታውን ግራ ጆሮው ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ሦስተኛው ነው፣ ያስለዋል" ይላል። ትፈታዋለህ፣ ሦስተኛው ነው። ከድሬዳዋ ድረስ መኪና የሚያመጡልን ለእሱ ጆሮ ብለው ነበር።

የሚያበላን ግን ከጋራዡ ይልቅ አሮጊቷ ፒካፓችን ነበረች። ወንድሜ በየማለዳው ጫት ወደሚበቅልበት ወደ ሶፊ ይወርዳል፣ ጫት ይጭናል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሸዋ በር ያራግፋል። የጫቱ ባለቤት ከተማው ሁሉ አዴ የሚላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። በእጃቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘንቢል ይዘው ቆመው የሚጠብቁ፣ ግን አምስት ደቂቃ ስታረፍድባቸው በምላሳቸው የሚገርፉህ። አይፈረድባቸውም። ጫት ቀልድ አያውቅም፤ ሲጠወልግ ፍየል ካልሆነ ማን ይነካዋል?

ያን ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ ነበር። ማደያ ደጃፍ መኪና ተሰልፎ ያድራል፣ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተኮራምቶ ይነጋለታል። ናፍጣ ሲጠፋ ደግሞ ሌባ ይበዛል። ያቆምከውን መኪና ክዳን ይከፍቱና በጎማ ቱቦ በአፋቸው ስበው ይወስዱልሃል። አንድ ጠዋት ስንነሳ ፒካፗ ባዶዋን ቆማለች፤ ቱቦውን እንኳ ሳያነሱት ከነዳጁ ጋን አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ንቀት እኮ ነው! ደሜ ፈላ። ከጎረቤት ጥበቃ ጋር ያዝ ለቀቅ ተባባልኩ፣ አንገቱን አንቄ ሰው ገላገለን። እሱ ምን ያድርግ፣ ተኝቶ ነበር።

ያኔ ነው ታላቁን ሥራዬን የሠራሁት። ከአሮጌ ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ከመነዳሪ በክብ ቆረጥኩ፣ ድርብ አደረግኩት፣ የጋኑ አፍ ላይ አስተካክዬ ክዳኑን ከላዩ አጠበቅኩ። በላዩ ደግሞ ማጠፊያ ያለው የላሜራ ቆብ በየድኩበት፣ የቆቡንም ውስጥ በዚያው ጎማ ደፈንኩት፣ ጓጉንቸር አንጠለጠልኩበት። ጠብታ አይወጣም፣ ቱቦ አይገባም። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ማተቤ ላይ አሰርኩት። አንገቴን ካልቆረጡ ማንም አያገኘውም አልኩ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀልኝ። ወንድሜ ብቻ ዙሪያውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "መንገድ ላይ ችግር ቢመጣ እኔ በምን ልከፍተው ነው?" አለኝ።

"ምን ሊያደርግልህ ትከፍተዋለህ? የምትቀዳው እዚህ፣ የምትነዳው አንተ። አለቀ" አልኩት።

ቆቡን በበየድኩ በአራተኛው ቀን ፒካፗ ከሶፊ አቀበት መሐል ላይ ጠፋችበት። ስትንገዳገድ ቆየችና ቀጥ። ቢሞክር ቢሞክር ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ አትነሳም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲሞክራት ተነሳች። ጫቱን ግማሽ ጎኑ ደርቆ አደረሰው። አዴ ያን ቀን ተሳድበው ብቻ ተዉት። ጋራዥ ሲያመጣት ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ነበር። እኔ ቁልፌን ከደረቴ አውጥቼ ጎንበስ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ናፍጣው አለ።

"ሰማህ?" አለኝ ወንድሜ።

"ምኑን?"

"ስትከፍተው ፉጨት አለው። ጋኑ አየር ሳበ።"

"የምርቃና ጆሮ ነው የሚያፏጭልህ፣ አቦ አትጨቅጭቀኝ!" አልኩት። ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣሁ፣ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ባንድ ጊዜ ተነሳች። በከተማው ዞርኩባት፣ ቀጥ ለጥ ብላ ሄደች። ክዳኑን መልሼ ቆለፍኩ።

በማግስቱ እንደገና። በሦስተኛው ቀን እንደገና። ሁልጊዜም ከጫነ በኋላ፣ ሁልጊዜም አቀበቱ ላይ፣ ሁልጊዜም ለብቻው ሲሆን። ወደ እኔ ሲያመጣት ግን ከፍቼ አያታለሁ፣ ናፍጣውን እለካለሁ፣ ካንዴሌታዎቹን እፈትሻለሁ፣ የባትሪውን አሲድ አያለሁ፣ የቱቦ ማሰሪያ አንድ በአንድ አጠብቃለሁ፣ አስነሳታለሁ፤ ምንም የላትም። በእኔ እጅ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ?

መጥፋት በጀመረች በአምስተኛው ቀን ወንድሜ እንደምንም ሸዋ በር ሲደርስ ጫቱ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ ነበር። ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ የአዴ ሁለት ጫኞች ከጋቢና ጎትተው አውርደውታል። አንዱ ከኋላ ክንዱን ቆልፎ ይዞታል፣ ሌላው በቡጢ ሆዱን ይለዋል። ሲጎብጥ ደግሞ በጉልበቱ አፉን አለው። ደም ከከንፈሩ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ሚኒባሶቹ ክላክስ ያንጫርራሉ፣ ሰው ከቦ ያያል። እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አየሁ። አዎ፣ ቆሜ አየሁ። ወንድሜ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ፣ እሰይ፣ ይቅመሳት፣ አልኩ በልቤ፤ እኔን ያዋረደኝን ያህል ይዋረድ አልኩ።

ያስጣሉት አዴ ናቸው፤ ንብረታቸው የጠፋው አዴ! "በቃ! ሰው ልትገድሉብኝ ነው? ሐራም ነው፣ ልቀቁት!" ብለው በመሐል ገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና የጠወለገውን እስር ከነገለባው ፊቴ ላይ ወረወሩት። "አንተ መካኒክ ነኝ ትላለህ፤ ወላሂ፣ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ። አንድ ቀን እሰጥሃለሁ። ነገ በሰዓቱ ካልመጣ በቃ፣ ተለያየን።"

ያን ቀን ማምሻውን ወንድሜ የተሰነጠቀ ከንፈሩን በጨርቅ ይዞ መጣና አጠገቤ ቆመ።

"ቁልፉን ስጠኝ" አለኝ።

"የምኑን ቁልፍ?"

"የጋኑን። መንገድ ላይ ስትጠፋ ልክፈተው። ታፍናለች መሰለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ስጠኝና ልሞክር።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው። እኔ የሰማሁት ታፍናለች የሚለውን አይደለም። የሰማሁት ቁልፉን ስጠኝ የሚለውን ነው። አሃ! አልኩ። ለካስ እንዲህ ነው ነገሩ። ናፍጣ በጥቁር ገበያ የወርቅ ዋጋ አለው፣ ቆብ ከተበየደ ወዲህ ልጁ መቅዳት አልቻለም፣ ስለዚህ መኪና ቆመችብኝ እያለ ቁልፍ ሊያወጣ ነው። መገጣጠሙ ራሱ ደስ አለኝ፤ የብልሽት ምክንያት ያገኘ መካኒክ ደስ እንደሚለው። አባታችን ከበሩ ላይ፣ ከአሮጌ መኪና ተፈቶ ወንበር ከሆናቸው ሶፋ ላይ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ።

"ቁልፍ ለምን ፈለገ?" አሉኝ እሱ ሲወጣ።

"እርስዎስ ለምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"ሌባ ልጅ አልወለድኩም" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ከወለድኩም ታውቅበታለህ" አሉ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቺንጊያ እያዩ።

በማግስቱ አብሬው ወረድኩ። እሱ ራሱ ነው የለመነኝ፣ "ና በዓይንህ እይ" ብሎ። ግን ዝም ብዬ አልሄድኩም። አንድ የተላጠ ዘንግ ይዤ ወጣሁ። ገና ሳንነሳ ክዳኑን ከፍቼ ዘንጉን ጋኑ ውስጥ ከተትኩና ናፍጣው የደረሰበትን በቢላ ምልክት አደረግኩበት። ሶፊ ስንደርስ ከፍቼ ለካሁ። ጭነን ስንነሳ ለካሁ። አቀበቱን ስንጀምር ሞተሩን ሳያጠፋ አስቆምኩትና ለካሁ። አጋማሽ ላይ እንደገና አስቆምኩትና ለካሁ። እሱን ከዓይኔ አላጣሁትም፣ ለሽንት ሲወርድ እንኳ ተከትዬው ወረድኩ። ፒካፗ ጫቱን ተሸክማ እንደ ዋልያ አቀበቱን ወጣችው። አንዴ እንኳ አልተንገዳገደችም። ሸዋ በር በሰዓቱ ደረስን፣ አዴ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተቀበሉን።

እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር። እኔ ካለሁ አትጠፋም፣ እኔ ከሌለሁ ትጠፋለች። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ወንድሜ ገና ከጋቢናው እየወረደ፣ "ይገርማል፣ ዛሬ ምን ነካት?" አለ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ደስ ብሎት ይሁን ግራ ገብቶት፣ እንጃ። እኔ ያየሁት ሳቁን ነው።

በቀኝ እጄ በሙሉ ኃይሌ ግራ ጆሮ ግንዱን በጥፊ አጮልኩት። ድምፁ ጋራዡ ውስጥ አስተጋባ። ጭንቅላቱ ከጋቢናው በር ጋር ተላተመ። ጆሮውን ይዞ ሲያጎነብስ ጎኑን በእርግጫ አልኩት፣ ወደቀ። "የስንት ሰው ሐቅ በላህ? ለማን ሸጥከው? ተናገር!" እያልኩ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ ጭኑን በጫማዬ ረገጥኩት። "ስሞት አልነካሁም! በእናታችን!" ይላል። የእናታችንን ስም ሲጠራ ይባስ አበድኩ። ቺንጊያውን ከግድግዳው ነቅዬ አመጣሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው፣ ጢሙን የሚላጭ ሰው፣ እንደ ልጅነቱ ሁለት ክንዱን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ተጠቀለለ። ምናለ እሱስ አንዴ ቢመታኝ! ጉልበቱ ከእኔ ይበልጣል። አንዴም እጁን አላነሳም። አባታችን ከወንበራቸው፣ "በለው! ሌባ ከእኔ አብራክ አይወጣም!" ይላሉ። ስንት እንደመታሁት አላውቅም። ጎረቤት ግር ብሎ ገብቶ ከላዩ ሲያነሳኝ እጄ ላይ ደም ነበር፤ የእሱ ነው።

ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። ግራ ጆሮውን በመዳፉ እንደያዘ ነው። የፒካፗን መነሻ ቁልፍ መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ፤ ያን ሌሊትም በማግስቱም አልተመለሰም። አዴ ከሚሸጡበት ከሸዋ በር ደረጃ በታች፣ የአንድ ጓደኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰማሁ። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እኔን! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ዘጠኝ ቀን ፒካፗ ቆመች። አዴ ለጊዜው ሌላ መኪና ያዙ። በአሥረኛው ቀን ያ መኪና ናፍጣ አጥቶ ቀረባቸውና ጠሩኝ። እኔው ራሴ መሪ ጨብጬ ወረድኩ። ዘንግ አልያዝኩም። ለምን ብዬ? ሌባው የለ፣ ከማን ልጠብቅ? ከዋዜማው ናፍጣ ሞልቼ፣ ቆልፌ፣ ቁልፉን ወደ ደረቴ ከትቻለሁ። ሶፊ ደረስኩ፣ ጫንኩ፣ አቀበቱን ጀመርኩ።

አጋማሹ ላይ ተንገዳገደች። እግሬን ጨመርኩባት፣ ብሶባት ቀጥ አለች።

መጀመሪያ አላመንኩም። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ አትነሳም። ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮው አዲስ ነው። የእጅ ፓምፑን ለመጫን ሞከርኩ፤ ወደ ታች ይሄዳል፣ አይመለስም፣ አንድ ነገር ከውስጥ እንደጨበጠው ሆኖ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። የመመለሻውን ቱቦ አላላሁት፣ አረፋ ብቻ። ፀሐይዋ ወጣች። ጫቱ ጀርባዬ ላይ ይሸተኛል። ሁለት ገበሬዎች ለመግፋት መጡ፣ አቀበት ላይ ምን ይገፋል? ወደ ኋላ ለቀን በግፊ ልናስነሳት ሞከርን፣ እምቢ። ያኔ መፍቻውን አነሳሁና መታኋት። ኮፈኑን መታሁ፣ መብራቷን ሰበርኩ፣ በሩን በጫማዬ ጠለዝኩ። አፌ ያመጣልኝን ሰደብኳት። ገበሬዎቹ ፈርተው ራቅ አሉ። አንደኛው፣ አንድ ሽበታም ሰው፣ ከሩቅ ሆኖ፣ "አቦ፣ ናፍጣ አላት ወይ?" አለኝ። ስድብ መስሎ ተሰማኝ፤ ግን ሰውየው የጠየቀው ማንም የሚጠይቀውን ነው። ላሳየው ብዬ ነው ከደረቴ ቁልፉን ያወጣሁት። ማተቤ አጭር ስለሆነ ሁልጊዜ አንገቴን አስግጌ፣ ጉንጬ ጋኑን ሊነካ ደርሶ ነው የምከፍተው።

ኮምፕሬሰር የለ፣ መዶሻ የለ፣ ሞተር የለ። ክዳኑን ገና ሩብ ሳዞረው ፉጨት ሰማሁ። ረጅም ነው፤ ሰው ጥርሱን ገጥሞ አየር ሲስብ እንደሚያሰማው ያለ። ጎማው ወደ ውስጥ ተስቦ የጋኑ አፍ ላይ ተለጥፎ ነበር። ስነቅለው ከመኪናዋ ሆድ ሥር "ዷ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ተንበርክኬ አየሁ። የጋኑ ጎን እንደ ተጨመቀ ቆርቆሮ ጎድጉዶ ኖሮ፣ ሲተነፍስ ወደ ቦታው መመለሱ ነው።

ለካስ የናፍጣ ጋን ክዳን ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ለዚሁ ነው። ናፍጣው ወደ ሞተር ሲሄድ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ ጋኑ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ሞተሩም ታፍኖ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም፤ እኔ ለሌላ ሰው መቶ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሌባ እንዳይገባ ብዬ ቀዳዳዋን በራሴ እጅ በድርብ ጎማ ደፈንኳት። አብሬው በሄድኩ ቀን ያልጠፋችው ደግሞ ወንድሜን ስጠረጥር በየመንገዱ እየከፈትኩ ስለለካሁ ነው። በለካሁ ቁጥር አየር አስገባሁላት። እኔ ባልጠረጥረው ኖሮ ያን ቀንም ትጠፋ ነበር፤ በዓይኔም አይ ነበር።

ወየው ጉዴ! አልኩ ጮክ ብዬ። ሽበታሙ ገበሬ፣ "ምነው፣ የለም እንዴ?" አለኝ። "አለ" አልኩት። ክዳኑን አውልቄ ጋቢና ውስጥ ወረወርኩና አፉ ክፍት እንደሆነ ሞተሩን አስነሳሁ። ወዲያው ተነሳች።

ጫቱን አራግፌ ክዳኑን ለአባታችን ወሰድኩላቸው። በእጃቸው አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ጎማውን ዳሰሱት። "ቀዳዳዋስ?" አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። ከዘራቸውን አንስተው ትከሻዬን አሉኝ፣ ደግመው አንገቴ ሥር አሉኝ። ዝም ብዬ ቆምኩላቸው። ሦስተኛውን ሲያነሱ ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። "እኔም እኮ በለው ብያለሁ" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ቆሜ ማየቱን አልቻልኩምና ወጣሁ።

ወንድሜ ሸዋ በር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ግንቡን ተደግፎ መንገዱን ያያል። ከንፈሩ ድኗል፣ ቅንድቡ ሥር ያለው ቢጫ ሆኗል። ከግራው በኩል ባዶ ቦታ ነበር፣ እዚያ ተቀመጥኩ። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ እኔም መንገዱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

"ክዳኑ ነው" አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔ ነኝ የደፈንኩት። ከመጀመሪያው ነግረኸኝ ነበር። አንድ ጠብታ አልሰረቅክም። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

በሕይወቴ ለማንም ይቅር በለኝ ብዬ አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጠበቅኩ። ዝም አለ። አንድ ባጃጅ ሲያልፍ በዓይኑ ሸኘው። ቆየሁ፣ አሁንም ዝም። እንዲያው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ታዲያ እኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ንዴት! እዚያው፣ ይቅርታ በጠየቅኩበት አፌ! አንጀቴን አውጥቼ ሰጥቼው ይንቀኛል? አልኩ። እጄን ሰድጄ ትከሻውን ያዝ አድርጌ ነቀነቅኩት።

ሁለት ክንዱን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ተጠቀለለ። ደረጃው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል።

እጄ እሳት እንደነካ ተመለሰ። ቀስ ብሎ ክንዶቹን አወረደና አየኝ። መምጣቴን ያወቀው ገና አሁን ነው።

"አንተ ነህ?" አለ። "ምን አልክ? በዚህኛው አይሰማኝም እኮ።" በጣቱ ግራ ጆሮውን አሳየኝ። ጆሮው ውስጥ የደረቀ ጥጥ ነበር፣ ጥጡ ዳር ቢጫ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያ ቀን።"

ተነስቼ በፊቱ ዞርኩና በቀኙ በኩል ተንበረከክኩ። ደገምኩት። ክዳኑ ነው፣ እኔ ነኝ፣ አልሰረቅክም፣ ይቅር በለኝ። የመጀመሪያውን ያህል እንኳ አሳምሬ አልተናገርኩትም፣ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ነው። አዴ ከዘንቢላቸው ኋላ ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር፤ ጨርቃቸውን ፊታቸው ላይ ጎተት አደረጉ። ማተቤን በጥርሴ በጠስኩና ከነቁልፉ መዳፉ ላይ አኖርኩት።

ቁልፉን ከክሩ ፈታው። ክሩን ለእኔ መለሰልኝ። "ማተብ አይበጠስም፣ እሰረው" አለኝ። ከዚያ ቁልፉን እያገላበጠ፣ "ፉጨቱን ሰማኸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሰማሁት።"

"ጥሩ" አለ። "እኔም ሰምቼው ነበር።"

ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ የጆሮው ታምቡር ተቀዷል፣ ቶሎ ብትመጡ ኖሮ ይደረግ የነበረ ነገር ነበር፣ አሁን ግን መግል በልቶታል አለን። ማን እንደመታው ሲጠይቅ ወንድሜ፣ "ወድቄ ነው" አለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን ወጊው ነኝ፣ አልረሳሁም፤ እንድረሳም አይተወኝም፣ ምክንያቱም ወንድሜ ወደ ጋራዡ ተመልሷል። ክዳኑን በመሰርሰሪያ እሱ ራሱ በሳው፣ ጎማውን ቀዶ ጣለው። ቺንጊያውን ማን ወስዶ እንደጣለው አልጠየቅኩም። ምስማሩ ብቻ አለ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ከድሬዳዋ ፒካፕ አመጣ፣ ጠዋት ጠዋት አትነሳም፣ ስትነሳም ታጨሳለች ብሎ። ሰውየው የወንድሜን ጆሮ ሰምቶ ነው የመጣው። ሞተሩን አስነሳን። ወንድሜ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳ፣ ጫፉን ኖዝሉ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን እንደ ልማዱ ግራ ጆሮው ላይ ደገፈ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ደንበኛው ይጠብቃል፣ አባታችን ከበሩ ላይ ያያሉ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ፣ ወደ ቀኙ ያዞረዋል ብዬ ስጠብቅ እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

"እስቲ አንተ ስማልኝ" አለ።

ካቻቢቴውን ተቀበልኩትና ጆሮዬ ላይ ደገፍኩት። ኳኳታ ብቻ ነው የሰማሁት።